ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፣ ገበናው ጓዳ ውስጥ፦ የአንድ ራት የጉዳይ ጥናት

የዚህ ጥናት ጉዳይ በአንድ የጣሊያን ፊልም ውስጥ የሚበላ አንድ ራት ነው። ቦታው ሮም፣ ጊዜው የጨረቃ ግርዶሽ የሚታይበት ምሽት፣ በማዕዱ ዙሪያ ያሉት ሰዎች ሰባት። ስድስቱ ሦስት ባልና ሚስት ናቸው። ሰባተኛው ፔፔ አዲሷን ፍቅረኛውን ሊያስተዋውቅ ቃል ገብቶ ነበር፤ “አሟት ቀረች” ብሎ ብቻውን መጣ። አራቱ ወንዶች አብሮ አደጎች ናቸው፤ ሚስቶቹም በእነሱ በኩል ተቀራርበዋል። ወይን ይቀዳል፣ ይሳቃል፣ ግርዶሹን ለማየት ወደ በረንዳ ይወጣል፣ ይገባል።

ወሬው በስልክ መልእክት ምክንያት ትዳሩ ወደ ፈረሰ አንድ የጋራ ጓደኛቸው ሲዞር የቤቱ እመቤት ኤቫ አንድ ጨዋታ ታመጣለች። ሁሉም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። ራቱ እስኪያልቅ የገባው መልእክት ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ የተደወለው ሁሉ በስፒከር ይሰማ። እንቢ ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር እንዳለ ስለሚቆጠርበት ቅር እያላቸውም ሁሉም ስልካቸውን ያወጣሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ ምሽት ውስጥ ሦስቱም ትዳሮች፣ ከእነሱም ጋር የአብሮ አደጎቹ ወዳጅነት፣ ዓይናችን እያየ ይፈርሳል።

ፊልሙ “ፐርፌቲ ስኮኖሹቲ” ይባላል፤ በአማርኛ “ፍጹም የማይተዋወቁ” እንደ ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ፓኦሎ ጄኖቬዜ ሲሆን ስክሪፕቱን ከአራት ሌሎች ጸሐፊዎች ጋር አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ለጣሊያን ሲኒማ ቤቶች አቀረበው። በአገሩ ብቻ ከ17 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አስገባ። በዚያው ዓመት የጣሊያንን ትልቁን የፊልም ሽልማት፣ ዳቪድ ዲ ዶናቴሎን፣ በምርጥ ፊልምና በምርጥ ስክሪፕት ወሰደ። ኒው ዮርክ ውስጥ በትራይቤካ ፌስቲቫልም ስክሪፕቱ ተሸለመ። ከዚያም ከአገር አገር መዞር ጀመረ፤ በጁላይ 2019 ጊነስ 18 ጊዜ በመሠራቱ በዓለም ብዙ ጊዜ የተደገመ ፊልም ብሎ መዘገበው።

ብዙ ሰው ስለዚህ ፊልም ሲያወራ ስለ ስልክ ያወራል። ስልክ ትዳር አፈረሰ፣ ስልክ ሰውን ከሰው ለየ ይባላል። እኔ ግን ደጋግሜ ካየሁት በኋላ የደረስኩበት ሌላ ነው። ስልኩ ዕቃው የተቀመጠበት ሣጥን እንጂ ዕቃው አይደለም። እዚያ ቤት ውስጥ ከተሸሸገው አብዛኛው ነገር የተሸሸገው ሊያክመው ከሚችለው ሰው ነው። ሰዎቹ ቁስላቸውን ለባዕድ ገልጠው ለመድኃኒቱ ባለቤት ሸፈኑ። ይህን ያልኩበትን ምክንያት ትዳር በትዳር እየሄድኩ አሳያለሁ፤ እኩል ጊዜ ግን አልሰጣቸውም፣ ፊልሙም እኩል አልሰጣቸውም።

ሐኪሙና ሐኪሟ

ሮኮ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ኤቫ የሥነ ልቦና ሐኪም ናት። ፊልሙ ሲከፈት ኤቫ ከወጣቷ ልጇ ከሶፊያ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ኮንዶም አግኝታለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብ ስታዳምጥ የምትውል ሴት ቤቷ ስትገባ የልጇን ልብ ማዳመጥ አቅቷታል።

ራቱ ላይ የኤቫ ስልክ ይጮኻል። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ለማሳመር ቀጠሮ ይዛለች፤ ቀጠሮው ግን ሌላ ሐኪም ዘንድ ነው። ባሏ የሚያድርበት የሚውልበት ሙያ ይኸው ነው። ሮኮ በጓደኞቹ ፊት ፊቱ ሲለዋወጥ ይታያል፤ የተጎዳው በቀዶ ሕክምናው ሳይሆን በመታለፉ ነው። ጥቂት ቆይቶ ተራው የእሱ ይሆናል። ሮኮ ሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ እየተመላለሰ መሆኑ ይገለጣል፤ ሚስቱ ስለዚህ ነገር የምታውቀው የለም። ባሏ እንዲህ ወዳለ ሕክምና ይሄዳል ብላ አስባም አታውቅ።

እዚህ ላይ ስክሪፕቱን ማድነቅ ግድ ይላል። ጸሐፊዎቹ ሁለቱን ሙያዎች ለጌጥ አልመረጧቸውም። አንዷ ገላን የሚያድስ ባል እያላት ገላዋን ለሌላ ሐኪም ትሰጣለች። አንዱ ነፍስን የምታክም ሚስት እያለችው ነፍሱን ለሌላ ሐኪም ይዘረግፋል። ሁለቱም አልሰረቁም፣ ሁለቱም ሊታከሙ ነው የሄዱት። ነገር ግን እርስ በርስ መተያየት የሚያሳፍራቸው ቦታ ላይ ደርሰዋል። በየሰፈራችን ስንት ባልና ሚስት እንዲህ አለ! ባል የደም ግፊቱን ለሥራ ባልደረባው ነግሮ ለሚስቱ አይነግርም፤ ሚስት ፍርሃቷን ለጎረቤት ታጫውትና ባሏ ሲገባ ወሬ ትለውጣለች። ሐሰት ተናግረዋል ማለት ይከብዳል። ዝም ብለዋል።

ሮኮ ምን ተማርክ ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው መልስ በፊልሙ ውስጥ ስለ ትዳር ከተባለው ሁሉ የሚልቅ ነው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ክርክር ማን በላይ ማን በታች ወደሚል ትግል ሳይሄድ ማብረድን ተምሬአለሁ፤ የተረታ ሰው ደካማ ነው ብዬ አላስብም፤ ትዳር የሚተርፈው ምናልባት ከሁለት አንዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ሲችል ነው፣ ያ ወደ ኋላ የተባለ እርምጃም ወደ ፊት መራመድ ነው። ይህን የሚናገረው በስድስት ሰው ፊት ነው። ለሚስቱ ብቻዋን ሊነግራት ይገባ የነበረውን ቃል ኤቫ ከሰው ጋር ተቀምጣ ትሰማዋለች።

ከዚህ የባሰው ግን የልጅቱ ስልክ ነው። ሶፊያ ለአባቷ ትደውላለች፤ በስፒከር እየተሰማች መሆኑን አታውቅም። ወላጆቹ የሌሉበት ወጣት ቤት እንድታድር ተጠይቃለች፣ ምን ላድርግ ትላለች። ኮንዶሙንም የሰጣት አባቷ እንደ ነበር ይወጣል። ሮኮ አይቆጣም። ከዓመታት በኋላ መለስ ብለሽ ስታስቢው ፈገግ የሚያሰኝሽ ከሆነ አድርጊው፣ ነገ ለጓደኞችሽ የምታወሪው ነገር እንዲኖርሽ ብቻ ከሆነ ግን ተይው ይላታል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ዝም ይላሉ። ልጅቱ በዚያው ንግግር ከእናቷ ጋር መነጋገር እንደማትችል ትናገራለች፤ እናቷም ትሰማለች።

በእኛ ቤት ቢሆን አባት ለልጁ እንዲህ ብሎ አይመልስም የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፣ አብዛኞቻችን አንመልስም። ነገር ግን በዚያ ትዕይንት የሚታየው የምክሩ ይዘት ብቻ አይደለም። ያቺ ልጅ ጭንቅ ሲይዛት የምትደውልለት ሰው አላት። ኤቫ የሰማችው ያንን ነው።

የተለዋወጡ ስልኮች

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። ሌሌ ከካርሎታ ጋር ሁለት ልጆች አሉት፤ እናቱም አብራቸው ትኖራለች። ሌሌ ሁልጊዜ ማታ 4 ሰዓት ላይ ከአንዲት ሴት ፎቶ ይላክለታል። ጨዋታው ሲጀመር ሰዓቱ እየቀረበ ነው። ፔፔን ወደ በረንዳ ጠርቶ ይለምነዋል፦ ስልኮቻችን አንድ ዓይነት ናቸው፣ እንለዋወጥ፤ አንተ ሚስት የለህም፣ ፎቶ ቢመጣልህ ማን ምን ይልሃል? ፔፔ አልፈልግም ይላል፣ ይለመናል፣ ይለዋወጣሉ። እውነትም ፎቶው ሲገባ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ፔፔ ይወደሳል፣ ይቀለድበታል። እኛም እንስቃለን። ደብዳቤ የተቀያየረበት የድሮ ቴአትር ሳቅ ነው፣ ሁልጊዜም ይሠራል።

ከዚያ ሌሌ ፊት ያለው ስልክ መልእክት ይቀበላል። ላኪው ሉቾ ይባላል። ፔፔ “አሟት ቀረች” ያላት ፍቅረኛ ሴት አልነበረችም፤ ሉቾ የሚባል ወንድ ነበር። መልእክቱ ስለ ፍቅር ነው፣ የሚነበበውም የካርሎታ ባል ስልክ ነው ተብሎ በታመነው ስልክ ላይ ነው። ሳቁ ሲቆም ይሰማል።

ሌሌ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ይድናል፦ “ስልኩ የእኔ አይደለም።” አይናገርም። ፊልሙን ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ከዚህ ቦታ ጀምሮ ሌላውን ሁሉ ትቼ የእሱን ፊት ብቻ ተከታተልኩ። ተዋናዩ ቫሌሪዮ ማስታንድሬያ ነው። ጥቂት ይናገራል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ሚስቱ ስትፈርስ ያያል፣ ልጅነቱን አብሮት ያሳለፈው ኮሲሞ ሲጮህበት ይሰማል። ዝም ያለው በከፊል ለራሱ ነው፤ እውነቱን ቢናገር የፎቶዋ ሴት ትወጣለች። በከፊል ግን ለፔፔ ነው። እነዚህ ሁለት ምክንያቶች አንዱ ከሌላው አይለዩም፣ ጸሐፊዎቹም ሊለዩልን አልፈለጉም። ትዳሩን ያስነወረው ሰው በዚያ ምሽት እውነተኛ ወዳጅ የሆነውም እሱ ነው። ሌላ ሰው መስሎ ስድቡን ተሸከመለት።

በመጨረሻ ፔፔ ራሱ ይናገራል። ሌሌም ለሁለት ሰዓት ያህል በፔፔ ቦታ ቆሞ እንደ ነበርና ለእሱ በቂ እንደ ሆነ ይናገራል። ፔፔ ደግሞ ሉቾን ወደዚህ ቤት እንደማያመጣው ይነግራቸዋል፤ ለራሱ ፈርቶ አይደለም፣ ሰው የሚወደውን ሰው ከሚያቆስለው ነገር ሁሉ ይከልላል። የስፖርት መምህር የነበረው ፔፔ ሥራውን ያጣበትም ምክንያት ከዚህ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ፊልሙ በወጣበት በዚያው ወር የጣሊያን ሴኔት ተመሳሳይ ጾታ ላላቸው ጥንዶች ሕጋዊ ዕውቅና የሚሰጠውን ረቂቅ እየተከራከረበት ነበር፤ ሕጉም በሜይ 2016 ጸደቀ። አንባቢ በዚህ ጉዳይ ላይ የፈለገውን አቋም ይያዝ፤ ጉዳይ ጥናቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። አርባ ዓመት ገደማ የሆናቸው አራት ወንዶች፣ ከልጅነት ጀምሮ አንድ ማዕድ የቆረሱ፣ አንዱ የሚወደውን ሰው ስም ሊነግራቸው ያልደፈረው ለምን ነበር? መልሱን ኮሲሞ በጩኸቱ ሰጠው።

ካርሎታ

ካርሎታን ማንም አይወዳትም ይሆናል፤ ተደብቃ ትጠጣለች፣ የባሏን እናት ወደ አረጋውያን መጦሪያ ለማስገባት በጎን እየተነጋገረች መሆኑ በስልክ ይጋለጣል፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ኢንተርኔት ላይ የተዋወቀችው ሰው ጠይቋት የውስጥ ልብሷን አውልቃ ነው የመጣችው። የክስ መዝገቧ ረጅም ነው።

ግን ከዚያ ሁሉ በታች አንድ ነገር አለ። ከዓመታት በፊት ጠጥታ እየነዳች ሰው ገድላለች። ጥፋቱን በራሱ ስም የወሰደው ሌሌ ነው። ይህ ሲገለጥ ቀድሞ ያየነው ሁሉ ቦታ ይለውጣል። ሌሌ ለፔፔ ያደረገውን ቀድሞ ለሚስቱ አድርጎላታል። ውለታው ግን ትዳሩን አላተረፈውም፤ ይልቁንም በመካከላቸው የማይነሳ ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ። እሷ አመሰግናለሁ ብላ የማትጨርሰው ዕዳ አለባት፤ እሱ ደግሞ መልሼ እጠይቃታለሁ ብሎ የማይደፍረው። ባለ ዕዳና አበዳሪ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ስለዚያ ዕዳ አንድ ቃል አይተነፍሱም። እሷ ለማታውቀው ሰው ትጽፋለች፣ እሱ ከማያውቃት ሴት ፎቶ ይጠብቃል። ሁለቱም የሚፈልጉት ስለዚያ አደጋ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ እንዲህ አነበብኩት። ፊልሙ ቃል በቃል አይናገረውም።

አና ፎሊዬታ ካርሎታን የተጫወተችበት መንገድ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ባሏን አጣሁት ብላ ባሰበች ሰዓት የምታለቅሰው ለክብሯ አይመስልም፤ አብሯት ኃጢአቷን የተሸከመውን ሰው ጨርሶ አላወቅሁትም ብላ ነው።

ሙሽሮቹ

ኮሲሞና ቢያንካ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። እሱ ታክሲ ነጂ፣ እሷ የእንስሳት ሐኪም፤ ልጅ ለመውለድ እየሞከሩ ነው። የኮሲሞ ነገር ረጅም ትንታኔ አይፈልግም። የሥራ ባልደረባው ከእሱ አርግዣለሁ ብላ ትደውላለች። ጌጣ ጌጥ ሻጩም ይደውላል፤ በእሱ ምክንያት ቢያንካ ያላየችው የጆሮ ጌጥ መኖሩ ይታወቃል። ጌጡ ያለው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ የኤቫ ጆሮ ላይ ነው። የቤቱ እመቤት፣ ጨዋታውን ያመጣችው፣ የጓደኛዋን ባል ይዛለች፤ ያውም ብቻዋን እንዳልሆነች የተረዳችው አሁን ነው።

ኮሲሞ የሌሎቹ ዓይነት ቁስል የለበትም። ይቀማል፣ ይዋሻል፣ ሌላው ሲጋለጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። ስለ እሱ የሚያስፈልገኝ አንድ ማስታወሻ ብቻ ነው፦ ፊልሙ ይቅርታ የነፈገው ለእሱ ይመስለኛል፤ ትክክልም ነው። ቢያንካ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች፣ ተረጋግታ ትወጣለች፣ ቀለበቷን አውልቃ ትሄዳለች። ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ይሽከረከራል።

ያልተደረገው ጨዋታ

ከዚያ ሰዎቹ አንድ በአንድ ከሕንፃው ሲወጡ ነገሩ ይለወጣል። ቢያንካ ከኮሲሞ ጋር በሰላም ትሄዳለች። ካርሎታና ሌሌ መኪናቸው ውስጥ ገብተዋል። ጨዋታው አልተደረገም። ኤቫ ሐሳቡን አምጥታው ነበር፣ ሮኮ አልፈለገም፣ ራቱም እንደ ሌላው ራት አለፈ። ያየነው ሁሉ ስልኮቹ ጠረጴዛው ላይ ቢወጡ ኖሮ ይሆን የነበረው ነው። ግርዶሹ አልቋል፣ ጨረቃዋ ተመልሳለች፣ ትዳሮቹም አሉ።

ይህን መጨረሻ ፍርሃት ነው ብለው የነቀፉት አሉ። ደራሲዎቹ ሁሉን አፍርሰው ሲያበቁ ሸሹ ይላሉ። እኔ እንዲህ አላየውም፤ ለምን እንደሆነ ለመናገር የጣሊያንን የትዳር ታሪክ ጥቂት መንካት አለብኝ። ጣሊያን ውስጥ ፍቺ በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በ1974 ሕጉ ይሻር ወይስ ይጽና ተብሎ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ፤ 59 ከመቶ ያህሉ ይጽና አለ። ከዚያ በፊት በ1961 የወጣ “ዲቮርሲዮ አልኢታሊያና” የተባለ ዝነኛ ኮሜዲ ነበር፤ መፋታት የማይችል ባል ሚስቱን ሊገድል ያሤራል። የጣሊያን ኮሜዲ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የትዳርን ሰቆቃ እያሳቀ የሚናገር ነው። በ2015 ደግሞ አዲስ ሕግ ወጣ፦ ለመፋታት ተለያይቶ መቆየት የሚያስፈልገው ጊዜ 3 ዓመት የነበረው፣ ለተስማሙ 6 ወር፣ ላልተስማሙ 12 ወር ሆነ።

እንግዲህ በዓመቱ የመጣው ይህ ፊልም ያለበት አገር ሌላ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ ማንም በግድ አልታሰረም። ሰዎቹ ቤታቸው የሚመለሱት ሕግ ስለያዛቸው አይደለም። ይህ ነው መጨረሻውን ከባድ የሚያደርገው። ጨዋታው ተደርጎ ቢሆን ቢያንካ ነፃ ትወጣ ነበር፤ አልተደረገምና ከኮሲሞ ጎን መኪና ውስጥ ተቀምጣለች፣ ስልኩ መልእክት ይቀበላል፣ እሱም ይዋሻታል። ፔፔ ግን ምስጢሩ በእጁ አለ። የሮኮና የኤቫ ትዳርም ገና ሊታከም ይችላል። አንዱን የጎዳ ዝምታ ሌላውን አተረፈ። ፊልሙ “እውነት ይውጣ” ብሎ አይጮኽም፣ “ይሸፈን” ብሎም አይመክርም። ለእያንዳንዱ ምን እንደ ዋለ ያሳየናል፤ ለቢያንካ ልባችን ይቆስላል፣ ለፔፔ እፎይ እንላለን፣ ሁለቱም ስሜት በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ራቱ ሲዞር

የተዋንያኑን አገር፣ የምግቡንና የወይኑን ዓይነት ለውጦ ስንቱ አገር ይህን ማዕድ ዘረጋ! ግሪክ፣ ስፔን፣ ቱርክ፣ ፈረንሳይ፣ ሜክሲኮ፣ ሃንጋሪ፣ ቻይና፣ ሩሲያ ሠሩት። ደቡብ ኮሪያ በ2018፣ ጀርመን በ2019 የሠሯቸው እያንዳንዳቸው ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲኒማ ቤት አስገቡ። ፖላንድ ስትሠራው ኤቫን የተጫወተችው ያው የመጀመሪያዋ ተዋናይት ካሲያ ስሙትኒያክ ናት፤ ትውልዷ ፖላንድ ነውና ያንኑ ሚና በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ደገመችው።

ብዙ የተጻፈበት ግን የዐረብኛው ነው። “አስሐብ ወላ አዐዝ” በጃንዋሪ 2022 በኔትፍሊክስ ወጣ፤ ራቱ ሊባኖስ ውስጥ ነው፣ ከተዋንያኑ መካከል ሊባኖሳዊቷ ናዲን ላባኪና ግብፃዊቷ ሞና ዘኪ አሉ። ሞና ዘኪ የካርሎታን ሚና ይዛለች። ከቤት ከመውጣቷ በፊት የውስጥ ልብሷን የምታወልቅበት ትዕይንት፣ ገላዋ ምንም ሳይታይ፣ ግብፅ ውስጥ ትልቅ ቁጣ አስነሳ። የፓርላማ አባል ፊልሙን በይፋ አወገዘ፣ እንዲታገድ የሚጠይቅ ጠበቃ ተነሳ፤ የተዋንያኑ ማኅበር ደግሞ ከተዋናይቷ ጎን ቆመ። የሚገርመኝ ይህ ነው፦ በዚያ ፊልም ውስጥ ሰው ገድሎ የተሸፈነ አለ፣ የጓደኛውን ሚስት የያዘ አለ፣ ልጅ አስረግዞ የካደ አለ። ቁጣው የመጣው ግን በአንዲት ሴት ልብስ ላይ ነው። ኮሲሞ በሮምም ጮኾ አመለጠ፣ በሌላ ስሙም ከካይሮ ተሳዳቢዎች አመለጠ።

የዐረብኛውን ሳይ ሌላ ሐሳብም አልለቀቀኝም። ሊባኖስ ውስጥ በሰው ቤት የሠሩና የሚሠሩ እኅቶቻችን ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ራት ሲበላ ወጥ ቤት ሆና ሳህን የምታጥብ ሴት ያን ሁሉ ገበና ትሰማለች፤ የቤቱ ባለቤቶች እርስ በርስ የማያውቁትን እሷ ታውቃለች፣ ለማንም አትናገርም። ያንን ራት በእሷ ጆሮ የሚያሰማ ፊልም ባይ እመኛለሁ።

አማርኛችን “ገበና” የሚለው ቃል አለው። የፊልሙ ማስታወቂያ ሰው ሦስት ሕይወት አለው ይል ነበር፦ የአደባባይ፣ የግልና የምስጢር። እኛ አደባባይ፣ ጓዳና ሆድ ብለን ብንከፍለው ይቀርበናል። ጓዳ ባልና ሚስት አብረው የሚሸፍኑት ነው፤ ሆድ ግን አንዱ ከሌላው የሚሸፍነው። በዚያ ራት ላይ የወጣው አብዛኛው የጓዳ ምስጢር አልነበረም። የሆድ ነበር። የካርሎታና የሌሌ አደጋ ብቻ ነው የጓዳ፤ እሱንም አብረው ሸፈኑት እንጂ አብረው አላለቀሱበትም።

ሌላም ነገር አስተውያለሁ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁሉም እኩያ ነው። በእኛ ወግ ትዳር ሲናጥ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ሽማግሌው ባልን ለብቻ፣ ሚስትን ለብቻ ይሰማል፤ በሰባት ሰው ፊት አይዘረግፈውም። ሽማግሌም ብዙ ጊዜ አጥፊውን “ቻዪው” ብሎ ለተበደለችው መልሶ ያስረከበ ነው፣ ያንን አልረሳም፤ ቢያንካን ሽማግሌ ቢይዛት ለኮሲሞ ይመልሳት ነበር ብዬ እፈራለሁ። ቢሆንም የልጅቱ ስልክ ሲጮኽ “ተው፣ ይህን አጥፋው፣ የልጅ ነገር ነው” የሚል አንድ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ስፒከሩ ክፍት ነበር፣ ሰባቱም አዳመጡ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ኤቫና ሮኮ ብቻቸውን ይቀራሉ። ያን ጨዋታ ለምን አልፈለግህም ብላ ትጠይቀዋለች። ሮኮ፣ ስለምንሰበር ነው ይላታል፤ ሁላችንም ተሰባሪ ነን፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ብዙ። ሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ እንደሚሄድ አሁንም አልነገራትም። እሷም ቀጠሮዋን አልነገረችውም። እጇን ወደ ጆሮዋ ታነሳና ኮሲሞ የሰጣትን ጌጥ ታወልቃለች።